ከቦቲዬ ሥር የነበረው ጎጆ

ወፍ በማሳየት መተዳደር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። የምኖረው ቡራዩ ነው። ሰፈሬ ውስጥ ሥራዬን ለሚጠይቀኝ ሰው አስጎብኚ ነኝ ብዬ አልፋለሁ። ወፍ ነው የማሳየው ብል ወይ ይስቃል ወይ ደግሞ ይህን ለማየት ሰው ከባሕር ማዶ ይመጣል እንዴ ብሎ ግማሽ ሰዓት ያቆመኛል። ይመጣል። ከነቦቲው፣ ከነባይኖኩላሩ፣ ያያቸውን ወፎች ሁሉ ከመዘገበበት ዝርዝር ጋር ይመጣል።

አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች ሳልወጣ ብዙ ነገር አሳይቻለሁ። ለቤቴ ቅርብ የሆነው ገፈርሳ ነው፤ ግድቡ ዳር ሰማያዊ ክንፍ ያላቸው፣ ከአገራችን ውጪ የትም የማይገኙ ዝይዎች አሉ። ከሰበታ በላይ ያለው የመናገሻ ጫካ ደግሞ የበቀቀን ነው። አንድ ጊዜ ጡረታ የወጡ ነርስ ጽድ ላይ የተቀመጡ ሁለት በቀቀኖች አይተው ባይኖኩላሩን መልሰው ሰጡኝና መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ምን ሆኑ ብዬ አልጠየቅኩም። ተፍኪ ላይ በኅዳር ማለዳ ጉሙ ሲገፈፍ፣ ጤፍ በታጨደበት ማሳ ላይ ቁመታቸው የልጅ ያህል የሆኑ ግራጫ ወፎች በመቶዎች ሆነው ብቅ ያሉበትን ቀን አብረውኝ ከነበሩት ሰዎች አንዳቸውም የሚረሱት አይመስለኝም። ለብዙ ደቂቃ ፎቶ ያነሳ ሰው አልነበረም።

በዚህ ሥራ ስም ማለት ሁሉም ነገር ነው። የእኔም ስም ወጥቶ ነበር። ከሌሎች አስጎብኚዎች ጋር ስንገናኝ «አንተ ያጣኸው ወፍ የለም» ይሉኝ ነበር። እየሳቅሁ አይ ተዉት እላለሁ፤ ውስጤ ግን ይሞቀኝ ነበር። አሁን መለስ ብዬ ሳስበው፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የጀመረው ከዚህች ሙቀት ነው።

ሱሉልታ ውስጥ ሜዳ ያላቸው አንድ አዛውንት ገበሬ አሉ። ሁላችንም ኦቦ፣ በኦሮምኛ አቶ እንደማለት፣ እያልን ነው የምንጠራቸው። ሜዳቸው የድርቆሽ ሣር የሚያበቅል ሰፊ መሬት ነው፤ ከታች በኩል ወንዙ ሲሞላ ውኃ የሚተኛበት፣ እንግጫ የበቀለበት ረግረግ አለው። በክረምት እዚያ ረግረግ ውስጥ አንዲት ትንሽ ወፍ ትገባለች። በአማርኛ ስም ያወጣላት ሰው አላጋጠመኝም። የጫጩት ያህል ናት፣ ቡናማ፣ ስትበር ብቻ የሚታይ ነጭ ምልክት ክንፏ ላይ አላት። የእሷ ዓይነት በዓለም ላይ የቀሩት በጣም ጥቂት ናቸው። አብዛኛውን ሕይወቷን በእግሯ ነው የምትሄደው፤ እንደ አይጥ በእንግጫው ሥር ትሾልካለች እንጂ አትበርም። እሷን ያየ ሰው ዕድሜ ልኩን ያወራታል።

ኦቦን መጀመሪያ ያገኘኋቸው ስለዚህች ወፍ ልጠይቃቸው ሄጄ ነው። ሰላምታዬን በኦሮምኛ ጀመርኩ፤ እንዴት አደሩ ለማለት «አካም ቡልተን?» ስላቸው ሣቁና ረግረጉን ከሜዳው በሚለየው የድንጋይ ካብ ላይ ቦታ ሰጡኝ። ስለ ወፏ ስነግራቸው ሰሙኝ። በመጨረሻ እሷን ዐይተዋት እንደማያውቁ፣ ነገር ግን አባታቸውም በክረምት እዚያ ጥግ ከብት ያስገቡ እንዳልነበር ነገሩኝ። እኔም ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው እንዲያነጋግሩልኝ ለመንኩ። ሰበሰቡልኝ። ያን ቀን ሣር ላይ ተቀምጠን ለአሥር ያህል አባወራዎችና እማወራዎች ስለ ወፏ አስረዳሁ። ከሰኔ ጀምሮ እስከ መስቀል ድረስ ረግረጉ ውስጥ ከብትም ሰውም እንዳይገባ ተስማማን። እንግዳ ይዤ ስመጣም ከካቡ ወዲህ ሆነን ብቻ እንድናይ፣ አንድ እርምጃ እንዳናልፍ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ኦቦ ደግሞ የአባታቸውን ነገር ያከበርኩላቸው ስለመሰላቸው ከእኔ በላይ ጠበቁት።

ከኦቦ ሜዳ ዳር፣ መንገዱ አጠገብ፣ ከደቡብ የመጣች አንዲት ሴት ቤት ተከራይታ ትኖር ነበር። ባለቤቷ ገላን ከተማ ባለ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ ሳምንቱን እዚያው ያድርና ቅዳሜ ነው የሚመጣው። እሷ አንድ የምትታለብ ላም ነበረቻት። ወተቱን በጠዋት አስፋልት ዳር ላሉ ቁርስ ቤቶች ታስረክባለች። መሬት ስለሌላት ኦቦ በሜዳቸው ደረቅ ወገን ላሟን እንድታግጥ ፈቅደውላት ነበር። በስብሰባው ቀን እሷም ነበረች። ከሁሉም በላይ ጥያቄ የጠየቀችኝ እሷ ናት፤ እንቁላሏ ስንት ነው፣ ስንት ቀን ትታቀፋለች፣ ወንዱ ያግዛታል ወይ እያለች። የማላውቀውን አላውቅም አልኳት።

ከዚያ ወዲህ አራት ክረምት አለፈ። ወፏን በእነዚያ ዓመታት ሦስት ጊዜ አሳየሁ፤ ሦስቱንም ከካቡ ወዲህ ሆነን፣ ለሰዓታት ጠብቀን። ብዙ እንግዶች ሳያዩ ተመልሰዋል።

በአምስተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሱ ሰው ነበሩ። የመጡት ለዚህች ወፍ ብቻ ነው፤ በነሐሴ ዝናብ ሌላ ምን ይታያል? ሁለት ማለዳ ካቡ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ዝናቡ ከዣንጥላችን ጫፍ ጉልበታችን ላይ ይንጠባጠባል። ወፏ የለችም። እንግዳዬ አንድም ጊዜ ፊታቸውን አላጠቆሩም። እንዲያውም እኔን ያጽናኑኝ ነበር፤ ሜዳውን ማየቴ ራሱ ይበቃኛል ይሉኝ ነበር። ይህን የምጽፈው፣ እንግዳው አስገደደኝ የሚለው ሰበብ እንደሌለኝ እንዲታወቅ ነው። ማንም አላስገደደኝም።

ሦስተኛው ማለዳ እሑድ ነበር። በዚያው ቀን ማታ ወደ አገራቸው ይበርራሉ። ኦቦ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ሴትየዋም የራሷ ጸሎት ቤት ሄዳለች፤ ስንመጣ ነጠላዋን ለብሳ መጽሐፍ ቅዱሷን በላስቲክ ጠቅልላ ስትወጣ ሰላም ብላን አልፋለች። ሜዳው ላይ ሰው አልነበረም። እስከ ሦስት ሰዓት ጠበቅን። እንግዳዬ ይዘውት የመጡትን ቴሌስኮፕ ራሳቸው ማጣጠፍ ጀመሩ።

«ግድ የለም» አሉኝ። «ሁሉም ሰው ሁሉን አያይም።»

ያን ሲሉ አንድ ነገር ፊቴ ላይ ድቅን አለ፤ ሌሎቹ አስጎብኚዎች ስለዚህ ጉዞ ሲጠይቁኝ አጣናት ብዬ ስመልስ። አምስት ደቂቃ ብቻ ይጠብቁኝ አልኳቸውና ዱላዬን ይዤ ካቡን ዘለልኩ። እንግዳዬ ከኋላዬ መግባት የተፈቀደ መሆኑን ጠየቁኝ። ባለቤቱ በደንብ ያውቁኛል ብዬ መለስኩ። ማወቁን ያውቁኛል።

ውኃው ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ነበር። እንግጫውን በዱላ ግራና ቀኝ እየመታሁ ቀስ ብዬ ሄድኩ። እንዲህ ሲደረግ ወፏ መሸሽ ሲያቅታት ትነሳለች። ይህን ዘዴ አውቀው ነበር፤ እንዳይደረግም ለሰው ሁሉ ያስተማርኩት እኔ ነበርኩ። ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄድኩ ከእግሬ ሥር ማለት ይቻላል ብር ብላ ተነሳች። ነጩ ምልክት ብልጭ አለ። እግሯ ተንጠልጥሎ፣ ከእንግጫው ጫፍ ብዙም ሳትርቅ ወደ ግራ በርራ ወደቀች። ከሦስት ሰከንድ አይበልጥም። ከካቡ በኩል እንግዳዬ እንደ ሕፃን ሲጮሁ ሰማሁ።

እየሳቅሁ ወደ እሳቸው ለመዞር ቀኝ እግሬን ሳነሳ ጭቃ ያልሆነ ነገር ተጣበቀብኝ። ዝቅ ብዬ አየሁ። እንግጫው ተጎንጉኖ የተሠራ፣ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ ያህል የሆነ ጎጆ በቦቲዬ ልክ ጭቃው ውስጥ ገብቷል። አምስት እንቁላል ነበረው። አራቱ ተሰባብረዋል። ከአንዱ ውስጥ የወጣው አስኳል ብቻ አልነበረም፤ ቅርጽ የያዘ ነገር ነበረበት። አንዱ እንቁላል ዳር ላይ ደህና ተቀምጧል።

ያኔ ያደረግኩትን ለመናገር ነው ከሁሉም በላይ የማፍረው። አልጮህኩም፣ አልተቀመጥኩም። ግራና ቀኝ አየሁና በዱላዬ እንግጫውን መለስ አድርጌ ጎጆውን ሸፈንኩት። ቦቲዬን ውኃ ውስጥ አሸት አድርጌ አጠብኩ። ከዚያ እጄን እያውለበለብኩ ወደ ካቡ ተመለስኩ።

እንግዳዬ አቀፉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። መኪናው ውስጥ እስከ እንጦጦ ድረስ ፈገግ እንዳሉ በመስኮት ያዩ ነበር። ማታ አየር ማረፊያ ሳደርሳቸው ባይኖኩላራቸውን ከአንገታቸው አውልቀው አንገቴ ላይ አደረጉልኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

በአራተኛው ቀን ኦቦ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ተሰብሯል። ቶሎ ና ብቻ ነው ያሉኝ። ስሄድ ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ካቡ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ዝናቡ አስገድዷቸው ውኃ ሊያስተነፍሱ ቦይ ሲከተሉ ጎጆውን አይተውት፣ እንዳይጠፋ አጠገቡ እንጨት ተክለውበታል። ይዘውኝ ገቡ። ቆባቸውን አውልቀው እጃቸው ላይ ያዙት። ደህና የነበረው እንቁላል የለም። ከእኔ በኋላ የዘነበው ዝናብ የቦቲዬን ቅርጽ አፍርሶት ጭቃው ላይ የቀረው ጥልቅ ጉድጓድ ብቻ ነበር።

«አንተ ታውቃለህ» አሉኝ። «የምን እግር ነው ይህ?»

አስቤበት አልመጣሁም። ግን አፌ ሲከፈት ከውስጥ የወጣው ውሸት ነው።

«ኮቴ ይመስላል» አልኳቸው።

ኦቦ ቀና ብለው ወደ መንገዱ፣ ወደ ሴትየዋ ቤት ተመለከቱ። ምክንያቱን አውቄዋለሁ። ሰኔ ላይ ላሟ ገመዷን በጥሳ ረግረጉ ጫፍ ደርሳ ነበር፤ ሴትየዋ ራሷ ሮጣ አውጥታ ኦቦን ይቅርታ ጠይቃለች። ያን ጊዜ ኦቦ እየሳቁ ነበር የነገሩኝ። ኮቴ የምትለዋ ቃል ወዴት እንደምትሄድ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

ሴትየዋን ጠሯት። እጇ ላይ የወተት አረፋ እንዳለ መጣች። ላሟ ከሰኔ ወዲህ አንድም ቀን እንዳልተፈታች፣ እሑድም ጸሎት ቤት ስትሄድ አጥብቃ አስራት እንደሄደች ተናገረች። ከጎረቤቶቹ አንዱ ከሌላ አገር የመጣ ሰው የሰፈሩን ደንብ ምን ብሎ ይጠብቃል አለ። ኦቦ በዓይናቸው ገሠጹትና ዝም አለ፤ ነገሩ ግን ተነግሯል። ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ኮቴዋን አይተሃል?»

«ኮቴ ይመስላል ነው ያልኩት። የማን እንደሆነ አላውቅም» አልኳት።

ይህን ስል ለእሷ የጠበቅሁላት፣ ያገዝኳት ዓይነት ስሜት ለአፍታ ተሰምቶኝ ነበር። ሰው ራሱን እንዲህ ያታልላል። ኦቦ ክፉ ሰው አይደሉም። አልሰደቧትም፣ ካሣም አልጠየቋትም። ከዛሬ ጀምሮ ላምሽን ከሜዳዬ አርቂልኝ ብቻ ነው ያሏት። እሷም እሺ ብላ ሄደች። ከኋላዋ እያየሁ፣ አሁን ብጠራት፣ አሁን ብናገር፣ አሁን እያልኩ መንገዱን ተሻግራ ገባች።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ደራ። መምህሩ አገራቸው ገብተው ስለ እኔ ጽፈው ነበር። በኢንተርኔት ላይ ያነበቡት ሰዎች ከየአቅጣጫው ይጽፉልኝ ጀመር። በጥቅምትና በኅዳር አንድም ቀን አላረፍኩም፤ ዛሬ ገፈርሳ፣ ነገ መናገሻ፣ ከነገ ወዲያ ተፍኪ። በአዲሱ ባይኖኩላር ሳይ ወፉ ሁሉ ጥርት ብሎ ይታየኛል። ሱሉልታ ግን ስደርስ ሰበብ እየፈጠርኩ ኦቦ ዘንድ አልገባም ነበር። ከገና በፊት ገዢ እንዳፈላልግላቸው ስለ ድርቆሽ ሲደውሉልኝ በወሬ መሐል ሴትየዋ ላሟን መሸጧን ነገሩኝ። ፉርሽካ ገዝታ ልትመግባት ሞክራ አልቻለችም። አሁን ውኃ ፋብሪካ ገብታለች አሉ። እኔ «እህ» ብዬ ስለ ድርቆሹ ጠየቅኳቸው።

በግንቦት ከሱሉልታ በሚኒባስ ስመለስ አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። ቀና ስል እሷ ናት። የፋብሪካ ሽርጥ በፌስታል ይዛለች። ክስት ብላለች። ወንድሜ ብላ ሰላም አለችኝ፤ ልጆቼን ጠየቀችኝ፤ ወፏ ዘንድሮ ትመጣ ይሆን ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ላሟን በተመለከተ አንዲት ቃል ስታነሳ ድምፅዋ ውስጥ ንዴት አልነበረም።

«ላሜ ግን አልገባችም» አለች፣ ወደ ፊት እያየች። «እኔ ሳስራት በእጄ ነው ያሰርኳት። ስመለስም እንዳሰርኳት ነበረች። እኔን ያመመኝ ላሟ አይደለችም። ኦቦ እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ፤ አሁን ሲያገኙኝ መሬት መሬት ያያሉ። አንተ ባለሙያ ነህ፣ ሌላ አውሬ ሊሆን አይችልም?»

«ሊሆን ይችላል» አልኳት።

ይኸው ነው ያልኩት። ከዚያ ወራጅ አለ ብዬ ገና ከሱሉልታ ሳንርቅ፣ መውረጃዬ ባልሆነ ቦታ ወረድኩ። መኪናው ሲሄድ በመስኮት እጇን አነሳችልኝ። አስፋልቱ ዳር ሯጮች በቡድን እየተነፈሱ አለፉኝ። በእግሬ ብዙ መንገድ ሄድኩ።

በዚያው ቀን ሄጄ ተናገርኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በመጨረሻ አንድ ሐሙስ ማለዳ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ኦቦ የፈረሰ ካብ ሲጠግኑ ደረስኩባቸው። ድንጋይ አቀበልኳቸው። አንድ አሥር ድንጋይ ከተቀባበልን በኋላ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ኦቦ፣ ያንን ጎጆ የረገጥኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት እሑድ። እንግዳ ላሳይ ብዬ ገባሁ። ኮቴ ነው ያልኩዎት እያወቅኩ ነው።»

በእጃቸው የያዙትን ድንጋይ ቀስ ብለው ካቡ ላይ አስቀመጡት፤ ልክ እንዲገጥም አዞሩት። አልጮሁም። ያን ዕለት እሷ ስትናገር እኔ የት ቆሜ እንደነበር ጠየቁኝ። አጠገብዎ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለእኔ ነግረህ አትገላገልም» አሉኝ። «ቅዳሜ ባሏ ይመጣል። ቅዳሜ ና።»

ቅዳሜ ሄድኩ። ኦቦ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ጠበቁኝ። ያን ቀን የነበሩትን ሁለት ጎረቤቶችም ጠርተዋቸዋል። ተያይዘን የሴትየዋ ቤት ገባን። ቤቷ አንድ ክፍል ናት፤ ባሏ ወንበሮቹን ለእኛ ለቅቆ ከበሩ አጠገብ ቆመ። እኔ ተናገርኩ። ከአፌ ሲወጣ አጭር ነበር፤ አሥር ወር ሙሉ የተሸከምኩት ነገር ተነግሮ ለማለቅ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም።

ማንም ሳይናገር ኦቦ ተነሱ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ዝቅ አድርገው፣ የልጅ ልጃቸው በምታህል ሴት ፊት ጎንበስ አሉ።

«ሳልመረምር ፈርጄብሻለሁ። ይቅር በይኝ ልጄ» አሏት።

በሕይወቴ ብዙ የሚያሳፍር ነገር አይቻለሁ፤ ለእኔ ውሸት ሽማግሌው ጎንበስ ሲሉ እንደማየት ያለ ግን አላጋጠመኝም። እሷ ተነስታ ትከሻቸውን ይዛ አቀናቻቸው፤ እንዲህ አያድርጉ እያለች አለቀሰች። በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏት፣ እሷም በተማረችው ያህል ኦሮምኛ መለሰችላቸው። ስለ ሌላ አገር ሰው የተናገረው ጎረቤትም ከተቀመጠበት ተነስቶ እጇን ጨበጠ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ላሟን ልተካልሽ ስል ባሏ ወደ እሷ አየ። እሷ ራሷን ነቀነቀች።

«ጌታ እኔንም ይቅር ስላለኝ ይቅር ብዬሃለሁ» አለችኝ። «ላም ግን ከአንተ አልወስድም። አንተ ከሰጠኸኝ ነገሩ ያልቅልሃል። በሚኒባስ ውስጥ ስጠይቅህ ብትነግረኝ ኖሮ ወስጄ ይሆናል።»

ጎጆው ዘንድ የዋሸኸውን በድንገተኛ ድንጋጤ ልታሳብበው ትችላለህ ብላ ቀጠለች፤ ያ የሚኒባሱ «ሊሆን ይችላል» ግን ድንጋጤ አይደለም። ልክ ናት።

ኦቦ ከከብቶቻቸው አንዲት ጊደር በርቢ ሰጧት፤ ወልዳ ወተቱ የሴትየዋ፣ ጥጃው የጋራ ሊሆን። ከእሳቸው ተቀበለች። ሜዳውንም መለሱላት። ለእኔ ግን ከካቡ ወዲያ ብቻ ሳይሆን ከካቡ ወዲህም እንዳልመጣ ነገሩኝ፤ ከእንግዳ ጋርም ብቻዬንም። ሰላምታዬን አልነሱኝም። ዛሬም መንገድ ላይ ካገኙኝ ቆመው ያናግሩኛል። ስለ ወፍ ግን አንድም ቃል አንስተውልኝ አያውቁም፤ እኔም ለመጠየቅ አፍ የለኝም። ወፏ ከዚያ ወዲህ ትምጣ፣ አትምጣ አላውቅም።

ለመምህሩም ጻፍኩላቸው። ባይኖኩላሩን በሚሄድ ሰው ልላክልዎ ብዬ ጠየቅኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፤ አጭር ነበር። ያንን ማለዳ በሕይወታቸው ካሳለፏቸው ደስተኛ ቀናት አንዱ አድርገው ሲያስቡት እንደነበር፣ አሁን እንዴት እንደሚያስቡት እንደማያውቁ ጻፉልኝ። እሳቸውም ካቡ ላይ ሆነው መግባቱ የተከለከለ መሆኑን ጠርጥረው ዝም ማለታቸውን ጨምረው ነገሩኝ፤ ወፏን ከዝርዝራቸው ሰርዘዋታል። ባይኖኩላሩ እኔው ጋ ይሁን፣ ሰው ይይበት አሉ። ከዚያ በኋላ አልተጻጻፍንም። የጻፍኩላቸው እውነቱ ስለሚገባቸው ነው፣ ወይስ ሸክሙን የሚያግዘኝ ሰው ፈልጌ? ይህን ለራሴ መልሼ አልጨረስኩም።

ሥራውን አልተውኩም። ሌላ የማውቀው ነገር የለም፤ አሁንም በቀቀኑን ሳይ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን ለውጫለሁ። ከማንኛውም ጉዞ በፊት፣ መኪናው ከመነሳቱ፣ ይህንን ታሪክ ለእንግዶቼ እነግራቸዋለሁ። ከመንገድ የማልወጣበትን ምክንያት እንዲያውቁ ነው። አንዳንዱ ፊቱ ይጨልማል፤ ለዕረፍት የመጣ ሰው በጠዋት እንዲህ ያለ ነገር መስማት አይፈልግም። ባለፈው ኅዳር ገፈርሳ ላይ ጫጩቶች የያዘች ዝይ አይተን፣ ቀረብ ብለን ፎቶ እናንሳ ያሉኝን ባልና ሚስት እዚሁ እንቆማለን ብዬ ስለከለከልኳቸው ተኮራርፈን ተለያየን። ስለ እኔም መልካም ነገር አልጻፉም።

አንድ ነገር ልጨምር። ለኦቦ በነገርኩበት ሐሙስ ቤቴ ስመለስ ቀሎኝ ነበር። ምሳዬን በደንብ በላሁ፤ ከልጆቼ ጋር ተጫወትኩ፤ ጎረቤት በምን ሰበብ እንዲህ ሳቅክ አለኝ። ያን ሰዓት ሴትየዋ ፋብሪካው ውስጥ ቆማ ጠርሙስ ትደረድር ነበር፤ ስሟ ገና አልነጻላትም፤ ቅዳሜም ገና አልደረሰም። እኔ ግን ቀድሜ ቀሎኛል። ስለ ጎጆውም፣ ስለ ውሸቱም ሰው ሲጠይቀኝ መናገር እችላለሁ። የዚያን ቀን ምሳ ግን እስከ ዛሬ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።